ለአክስቴ ፎቶግራፍ ያጨበጨቡት

አሁን ይሄ ምኑ ያናድዳል? ዘመኑ አልፎ፣ ሰውየው ሞተው፣ አጥሩም ፈርሶ! እኔን ግን ያናድደኛል። ምስር ስለቅም፣ ልብስ ስተኩስ ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እለፈልፋለሁ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ይሉኛል። ከማን ጋር እጣላለሁ፣ ከፊታውራሪው ጋር ነዋ! ስማቸውን አልጠራም። የልጅ ልጆቻቸው አሰላ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ምን አጠፉ።

አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነው። አሰላ ውስጥ ለእርሻ ሥራ የመጡ ፈረንጆች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ጨርሼ፣ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩላቸው። ቤታችን የእስላም ነጋዴ ቤት ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ማዕድ ላይ ይነገርበታል። ገበሬው ያለውን ለፈረንጁ፣ ፈረንጁ ያለውን ለገበሬው፣ የሁለቱን ደግሞ ለባለሥልጣኑ ማድረስ ሥራዬ ሆነ። ከሰው ቃል ላይ ሳልጨምር ሳልቀንስ በማድረሴ እኮራ ነበር።

ፊታውራሪው ከከተማው ወረድ ብሎ ያለው ሰፊ መሬት ጌታ ናቸው። አክስቴ ደግሞ የሳቸው ጭሰኛ ነበረች። የአባቴ እህት ናት፤ በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንላት። ያ መሬት ድሮ የአባቷ፣ ማለት የአያቴ ነበር። እንዴት ተሻግሮ ፊታውራሪው እጅ እንደገባ በኛ ቤት ሲወራ በር ይዘጋ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ፈረንጆቹ በዓላቸውን አከበሩ። በነሱ አገር ሰኔ ላይ ፀሐይ አልገባም ትላለች አሉ፤ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ዕለት ነው። ግቢያቸው ውስጥ ረጅም እንጨት ተከሉ፣ በቅጠልና በአበባ ጠቀለሉት፣ ከዚያ ትልልቆቹ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን እንደ እንቁራሪት ይዘሉ ጀመር። አሰላ በሰኔ! ጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት! ለእንጨቱ ባህር ዛፍ የሰጡት ፊታውራሪው ነበሩ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ አብረው ዘለሉ። እኔ «የብርሃን ምስጋና ነው» ብዬ ተረጎምኩ። «እሰይ! እንዴት ያለ ደስ የሚል ባህል ነው!» አሉ። የከተማው ሹማምንት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ብርሃን አግኝቶ ቢዘል ምን አለበት?

አሁን ወደ አዳዳ ልምጣ። አዳዳ አንዲት ልጅ አለቻት። ያቺ ልጅ የወለደቻቸውን ሕፃናት ተራ በተራ ቀብራለች፤ አንዱም ክረምት አላለፈም። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። አዳዳ ስለት ተሳለች። ይህቺ ክረምቱን ካለፈች፣ ጭጋጉ ሲገፈፍ መልካ ይዣት እወርዳለሁ አለች።

መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። መስከረም ላይ፣ ወንዙ ጎደል ሰማዩም ጠራ ሲል፣ ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይወርዳሉ። ሣሩን ውሃ ነክረው ይረጫሉ፣ ፈጣሪን፣ ዋቃን ማለት ነው፣ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አሻገርከን ብለው ያመሰግናሉ፣ ይመለሳሉ። ኢሬቻ ይሉታል። በቃ ይኸው ነው፤ ማንንም አይነካ፣ ማንንም አያስቀይም። አዳዳ አምስት ወቅት ትሰግዳለች፣ ረመዳንን ትጾማለች፣ መስከረም ሲሆን ደግሞ መልካ ትወርዳለች። ሼኹ ሲቆጧት «የሚሰማኝ ያው አንዱ ነው» ትላለች። አባቴም ይቆጣታል፤ ግን አንድም ዓመት አልከለከላትም።

ያንን ክረምት ሙሉ አዳዳ እንቅልፍ አልነበራትም። ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ልቧ ይወርዳል። ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜም አለፈች፣ ልጅቷ ኖረች! እንዴት ያለች ወፍራም፣ እንዴት ያለች ጯሂ መሰለቻችሁ!

ለሴቶች ጤና የምታስተምር አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ከሷ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት አዳዳን መልካው ዳር ሣር እንደያዘች ፎቶ አንስታታለች። በዓሉ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን እንደሚውል ስነግራት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «በዓለም ሁሉ እኮ ነው!» አለችኝ። ፋርሶች መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት ሲተካከል አዲስ ዓመት ይላሉ፤ ጃፓኖች በዚያው ሰሞን የዘመድ መቃብር ይጎበኛሉ፤ የሷ አገር ሰዎች ደግሞ እንደምታውቂው ቀኑ ሲረዝም ይዘላሉ። ይህን ሁሉ በስላይድ ግድግዳ ላይ አበራለሁ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ፣ የከተማው ሰው ይይ አለች። ቀኑን መስከረም አሥራ ሦስት አደረገችው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «አሥራ ሦስት? ማን አባቱ ነው አሥራ ሦስት ያለው! ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት መስከረም ሃያ አምስት ነው!» ብለው ተነሱ። ግቢያችን ውስጥ ከፈረንጇ ጋር ተፋጠጡ፤ እሷ ስለ ፀሐይ፣ እሳቸው ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ እኔ መሐል ላይ። አባቴ ከበሩ ሆኖ «የኛ ወር እንደሆነ በጨረቃ ነው የሚዞረው፤ ዒዳችን በጋውንም ክረምቱንም አይቶ ይመለሳል። እናንተ ስትስማሙ ንገሩን» አለ። ሦስቱም ሳቁ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሳስታውሰው የማያናድደኝ ይሄ ብቻ ነው።

ዝግጅቱ ሊደርስ ሲል፣ ሰኞ ዕለት አዳዳ ልጇንና የልጅ ልጇን ይዛ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ መልካው ወረደች። ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? አጥር! በክረምቱ ፊታውራሪው ትራክተር አስመጥተው፣ ስንዴ ሊዘሩ መሬቱን በሽቦ አጥረውታል፤ መልካው ውስጥ ቀርቷል። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። «ማንም እንዳይገባ ታዝዣለሁ» አላቸው። አዳዳ ሕፃኗን አሳየችው፣ ስለት ነው አለችው። አልሆነም። ሴቶቹ ሣራቸውን እንደያዙ ተመለሱ።

ይህን ስሰማ ሳይመሽ ሄድኩ፣ ፊታውራሪው ቤት። እጅ ነሳሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጌታዬ፣ አክስቴ ስለት አለባት። አንድ ጊዜ ውሃው ጋ ደርሳ ትመለስ።»

«ምን ዓይነት ስለት?»

«የልጅ ልጇ ስለተረፈችላት ልታመሰግን ነው። መልካው ላይ።»

«ለወንዝ?»

«ለፈጣሪ ነው ጌታዬ።»

«ተይኝ እስቲ!» አሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «የተማርሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በኔ መሬት ላይ ባዕድ አምልኮ አላስተናግድም። ለምትኖርበት ጎጆ ታመስግን። ትራክተር ስንት ሰው እንደሚተካ ታውቂያለሽ?»

አወቅኩ። ብትናገሩ ከመሬቱ አስነሳችኋለሁ ማለታቸው ነው። ወጥቼ ሄድኩ፤ ወይ ነዶ! በሰኔ ጭቃ ውስጥ የፈረንጅ እንጨት የዞሩ ሰውዬ፣ ለአንዲት እፍኝ ሣር ባዕድ አምልኮ! ለፈረንጇ ነገርኳት፤ በጣም አዘነች፣ እጄን ያዘች፣ «በመሬት ጉዳይ ግን እኛ መግባት አንችልም» አለች። አዳዳ ጋ ስደርስ ሣሩን በውሃ ነክራ በር ሥር አኑራዋለች፣ እንዳይደርቅ። «ይከፍታሉ?» አለችኝ።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ተጋርዷል። ፊታውራሪው የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ፈረንጇ አንድ በአንድ ታበራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፦ የፋርሶች የበቀለ ስንዴ፣ የጃፓኖች መቃብር፣ የነሱ በአበባ የተጠቀለለ እንጨት። የኛም ደመራ በአደይ አበባ አጊጦ ታየ፤ መሪጌታ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ግድግዳው ሙሉ አዳዳ ሆነች። ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው ከኋላዋ ያበራል፣ ትስቃለች።

ፈረንጇ «ይህች ሴት ፈጣሪን ታመሰግናለች፤ ምስጋናዋ የዓለም ሁሉ ሀብት ነው» አለች። ተረጎምኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጠው ማን ያጨብጭብ? ፊታውራሪው! እጃቸውን ከፍ አድርገው!

ደሜ ፈላ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አመለጠኝ። «ክቡራትና ክቡራን» አልኩ፣ ፈረንጇ አፏን ሳትከፍት። «ይህች ሴት አክስቴ ናት። ሰኞ ዕለት እዚያው ውሃ ጋ ልትደርስ ሄዳ ከአጥር በር ላይ ተመልሳለች። የልጅ ልጇ ተርፋላት፣ ስለቷን መክፈል አልቻለችም። አጥሩን ያሠሩት ሰው እዚህ አሉ፤ አሁን ሲያጨበጭቡላት አይቻለሁ።» ይህንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት።

ፊታውራሪው ተነሱ፤ ሊቆጡ ነው ስል ሳቁ። «ልጄ፣ ማን ከለከላት? የኔ በር ለሰው ተዘግቶ ያውቃል? ዘበኛው አላዋቂ ነው! ነገ ጠዋት ትምጣ። እንግዶቻችንም ይምጡ፣ ሁላችሁም ኑ፤ ባህላችንን እናሳያቸዋለን!»

ባህላችን! ሰኞ ባዕድ አምልኮ፣ ሐሙስ ባህላችን! እንደገና ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባውን ረስቼ «ባህላችን» ያሏትን ቃል ብቻ ስሰማ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አዳዳን ይዘን ወረድን። ልጇ ሕፃኗን እንዳዘለች «እማዬ ይቅርብን፣ ከመሬቱ ያስነሱናል» እያለች ነበር። አዳዳ ግን ሣሯን ይዛ ከፊታችን ትሄዳለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መልካው ዳር ወንበር ተደርድሯል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ለስላሳ ይታደላል፤ ፈረንጆቹ ፎቶ ማንሻቸውን አንግበዋል።

«ሰርግ ነው?» አለችኝ አዳዳ።

ፊታውራሪው ወደኛ ዞር ብለው «ትንሽ ቁሙ፣ ቆይ» አሉ። እሳቸውም ሣር አስነጭተዋል፤ አንድ ትልቅ እቅፍ! ሣሩን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ፎቶ አንሺዎቹ መልሰው፣ እኛን ከኋላ አቁመው ወደ ውሃው ተራመዱ። አዳዳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ጠይቂልኝ» አለች በኦሮምኛ። «ይሄ ሰው ምን ተደርጎለት ነው የሚያመሰግነው?»

ጮክ ብዬ ጠየቅኩ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ፊታውራሪው ደስ አላቸው። «ለመሬቴ ነዋ! ለዚህ ለምለም መሬት! ንገሪያት።»

ነገርኳት። አዳዳ ዙሪያውን አየች፤ ሽቦውን፣ የታረሰውን ማሳ፣ የአባቷ ከብት ይጠጣበት የነበረውን ውሃ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሱን ዋቃ አልሰጠውም። ከአባቴ ነው የወሰደው። እንግዲያ ምስጋናውን ወደኔ ያምጣ በይልኝ።»

ልጇ ክንዴን ጨመቀችኝ። እኔ ግን አንዲት ቃል አልቀነስኩም። በአማርኛ አልኩት። በእንግሊዝኛም አልኩት።

የፊታውራሪው ፊት ጠቆረ። ሣሩን ወረወሩት። «አስወጧት! ይህቺን ባለጌ አሁን አስወጡልኝ!» ብለው ዘበኛውን ጮኹበት። ዘበኛው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እንግዶቹን እያየ ሲያመነታ፣ አዳዳ ልጅቷን ከእናቷ ጀርባ ፈታ ወስዳ፣ በፊታውራሪው ጎን አልፋ፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብታ ነበር። ሣሯን ነከረች፣ በልጅቷ ራስ ላይ ረጨች፣ አንድ ነገር በለሆሳስ አለች። ውሃው የመስከረም ውሃ ነው፣ በረዶ ነው፤ ልጅቷ አገሩን በጩኸት አናወጠችው።

ዘበኛው ዳር ላይ ሲደርስ አዳዳ ቀና አለች። ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት።

«አሁን ያስወጡኝ በያቸው» አለችኝ። «ጨርሻለሁ።»

ይህንንም ተረጎምኩላቸው።