ታጥቤ እመጣለሁ

እውነቱን ልናገር፤ የታላቅ እህቴ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቄራ ውስጥ ጨጓራና አንጀት ስታጥብ ኖራለች። ጨጓራው ሲቀደድ አረንጓዴው ፈርስ እስከ ክርኗ ይፈስባታል፤ እሷ እቴ፣ ግንባሯን በክንዷ ጠረግ አድርጋ ወደሚቀጥለው ነው። በሎሚ ብትታሽ፣ በሳሙና ብትፈገፈግ ሽታው ከጥፍሯ ሥር አይወጣም። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ በዚሁ እጇ ነው። ይህን እያወቅኩ የቀዳችልኝን ውሃ ስንት ጊዜ በድብቅ ደፍቻለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሁድና ረቡዕ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ሰው አስተናግዳለሁ። እህቴ ስትመጣ የማስቀምጣት መጨረሻው ወንበር ላይ፣ የተከፈተው መስኮት ሥር ነው። ሰባኪው ሁልጊዜ ስብከቱን ሲጨርስ «ኢየሱስ ይጠራችኋል፤ ሰው የገፋው ሁሉ ይምጣ» ይላል። የፈለገ እጁን አንስቶ ወደ ፊት ይወጣል። እሷ ግን ወጥታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«እንዲህ ሆኜ?» አለችኝ። «ጡረታ ልውጣ፣ ይሄ ሽታ ይልቀቀኝና ታጥቤ እመጣለሁ።»

«እሱስ ይሻላል» አልኳት። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ባለፈው ሳምንት አንድያ ልጇ ልጅ ወለደ። ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጠዋቱን ሙሉ ስትታጠብ አረፈደች። ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየረች፤ ጥፍሯን በመርፌ ስትጎረጉር ጣቷን አደማች። የሰፋሁላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ አብረን ሄድን። ምራቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ አይክፋዎትና ሕፃኑን ሽታ ያስነጥሰዋል። በመስኮት ላሳይዎት?»

ልጇ ከሚስቱ ኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ቆሽቴ አረረ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የዚህ ልጅ ዓይን ግን ከስልኩ ላይ ቀናም አላለ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ የደፋሁት ውሃ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። እህቴ የልጅ ልጇን በመስታወት አየችው።

«እሰይ! ቁርጥ አባቱን» አለችና ተመለስን።

በማግሥቱ ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ሽታው ቀድሟት ደረሰ። ዞር ስል እህቴ ናት። ከሥራ በቀጥታ፣ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ የላስቲክ ሽርጧ ላይ ፈርሱ ሳይደርቅ መጥታለች። ሁለት ዝንቦችም ተከትለዋታል። ጉድ ፈላ! ሰው ሳያያት ብዬ ክንዷን ያዝኩት።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ቤት ሄደሽ ታጥበሽ ነይ።»

«ትናንት ታጥቤ ነበር» አለች። «አንቺም አይተሻል። ታጥቤም አልሆነልኝም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የጠራኝ ኢየሱስ ነው። እሱ ደግሞ ታጠቢና ነይ አላለኝም። ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እጄን ከክንዷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ገባች። ቦቷ ወለሉ ላይ እየጮኸ በመሃል መንገዱ ሄደች። ሰው ሁሉ በነጠላው፣ በመሐረቡ አፍንጫውን ይሸፍናል። ከፊት የተቀመጡት እመቤት ቦርሳቸውን አንስተው ወንበር ቀየሩ። እኒያ ሴትዮ የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው! ሰባኪው ራሱ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ፤ ከዚያ ግን ወርዶ እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረ።

«እናቴ፣ ምን ብዬ ልጸልይልዎት?»

«ምንም» አለች። «መጣሁ በሉልኝ።»

ተንበርክካ ስታለቅስ ከሽርጧ የሚንጠባጠበው ውሃ ምንጣፉን አረጠበው። እኔም ከሩቅ ሆኜ አቅለሸለሸኝ።

«ሌላስ ጌታ የጠራው አለ? ባለበት እጁን ያንሳ» አለ ሰባኪው።

ይህን ያህል ዓመት በር ላይ ስቆም ጥሪው ወደ ውስጥ ለሚገባው ሰው እንጂ ለበረኛዋ አይመስለኝም ነበር። ያን ዕለት ለእኔ መሆኑ ገባኝ፤ ራሴንም ከማንኛውም ፈርስ ይልቅ ተጸየፍኩት። ቢሆንም እጄን አላነሳሁም። እጄ አፍንጫዬ ላይ ነበር።