ያልጸደቀው በጀትና የእትዬ አስካለ ማሳ

ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን አንድ የምክር ቤት አባል ለመራጮቹ ስለ አዋጆችና ስለ በጀት ሲያስረዳ አየሁ። ገና ጎረምሳ ነው፤ ከረባቱ አንገቱን አንቆታል። "ይኼኛው ጸድቋል፣ ያኛው ገና በኮሚቴ ነው" እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የልጅ ልጄ "አባባ፣ ይሰለቻል፤ ልቀይረው?" አለችኝ። ተይው አልኳት። ያ ልጅ ያልሆነውን አልሆነም ብሎ መናገር ይችላል። እኔ በሱ ዕድሜ አልቻልኩም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ከመንዝ የሕዝብ እንደራሴ ሆኜ ስመረጥ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምላሴ ስለታም ነበር፤ ሌላ ሙያ አልነበረኝም ብል ይቀለኛል። በሁለተኛው ዓመቴ ምክር ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ፣ መስከረም ላይ አገሬ ልገባ ተነሣሁ። እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሞላሌ አድሬ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ የትውልድ ቀዬዬ ቀየት ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ ምን ይዤ መጣሁ ልበል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ስለ ፍርድ ቤት የወጣውን አዋጅ፣ ስለ መንገድ የቀረበውን ረቂቅ አብራራሁ። የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው በትዕግሥት ሰሙኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡና "የተከበሩ ይሉሃል አሉ፤ ይሁን፣ ይክበሩ! ለእኛስ ምን ይዘህ መጣህ?" አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

እውነቱ ይኼ ነው፦ ለቀየት ትምህርት ቤት እንዲሠራ ለበጀት ኮሚቴው ጥያቄ አስገብቻለሁ፤ ሰብሳቢውም "እናየዋለን" ብሎኛል። በቃ። እኔ ግን "የትምህርት ቤታችሁ በጀት ተፈቅዷል! የቀረው ቦታ ማዘጋጀት ብቻ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ተነሡ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው፣ አንድ ልጃቸውን ለትምህርት ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ሰደው በናፍቆት የሚኖሩ ሴት። "ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን ማሳዬን ሰጥቻለሁ" አሉ። "የቆመውን ገብስ ልጨድና ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ነው። የሌላዋ እናት ልጅ እንኳ ከደጇ ይማር።" ያ ማሳ ጉሮሯቸው ነበር፤ ሌላ የሚታረስ መሬት አልነበራቸውም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ስጦታ በባዶ ቃል አይቀርም። የደብሩ ቄስ መምሬ ተክሌ መስቀላቸውን አውጥተው "ከዚህ ወዲያ ይህን መሬት ለእህል ያረሰ፣ ያሳረሰ ውግዝ ይሁን!" ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምነው አፌን በዘጋው! ግዝት ቀልድ አይደለም፤ የገዘተው ቄስ ካልፈታው የማሳው ባለቤት እንኳ በሬ አታስገባም።

በጀቱ ሲታወጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ቀየት የሚል የለም። ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም።

በዓመቱ ስመለስ ማሳው ጦም አድሮ አረም ውጦታል። እትዬ አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ለሰው የበግ ጠጉር እየፈተሉ በሚሰፈርላቸው ቁና ገብስ ይኖራሉ። ጉንጫቸው ገብቷል። ያፈርኩ መስሏቸው "አይዞህ ልጄ፣ የመንግሥት ሥራ ዝግ ይላል" ብለው ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው! እኔ ሆዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ።

የዚያኑ ዕለት መምሬ ተክሌ ለብቻዬ ጠሩኝ። "እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ። በጀቱ አልተፈቀደም ብለህ በሕዝብ ፊት ተናገርና ዛሬውኑ ልፍታላት።"

ምርጫ ሊደርስ ወራት ቀርተውት ነበር። በሕዝብ ፊት! "ተፈቅዷል መምሬ፤ ትንሽ ይታገሡ" አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የመጀመሪያውን ውሸት ወጣትነት አሳተኝ ልበል፤ ለዚህኛው ግን ምን ሰበብ አለኝ?

ጥር ላይ መምሬ ሞቱ። የተተኩት ቄስ "እኔ ያላሰርኩትን አልፈታም" አሉ። እኔ ተመረጥኩ። ትምህርት ቤቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ተሠራ፤ እትዬ አስካለ ግን አንድ ትልም ሳያርሱ፣ ለሰው የበግ ጠጉር እንደፈተሉ ሞቱ።

አምና ልጃቸውን ፈልጌ አገኘሁት። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሳልሞት ልናገር ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጠላ ቀዳልኝ።

"እናቴ ታውቅ ነበር" አለኝ። "መምሬ 'ልጁ ዋሽቶኛል፣ ይህንኑ ለሕዝብ ተናግሬ ግዝቱን ልፍታልሽ' ቢሏት፣ 'የጓደኛዬን ልጅ በአደባባይ አላዋርድም። ራሱ ይናገራል፤ ጊዜ ይስጡት' አለቻቸው።"

ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ስድብ በስንት ጣዕሙ! ለንስሐ አባቴ ተናግሬ፣ የታዘዝኩትን ስግደት በዚህ ጉልበቴ ሰግጃለሁ፤ ልቤ ግን አልቀለለኝም። እንደራሴ በነበርኩባቸው ዓመታት በየመስከረሙ ቀየት ስመጣ፣ እትዬ አስካለ ከፊት ተቀምጠው አፍ አፌን ያዩኝ ነበር። ስለ አዋጁና ስለ በጀቱ ለመስማት የጓጉ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምናገራትን አንዲት ቃል እየጠበቁ ኖሯል።