የማዳሜ ፖስትዶክና የኔ ትኬት

ከሆሳዕና የወጣሁ ሌሊት እናቴ አልሸኘችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች፣ «ሁለት ዓመት ብለሻል፤ ሁለት ዓመት ይሁን» አለችኝ። የደላላው ሚኒባስ ጡሩምባ ሲያንባርቅ ትከሻዋን ስሜ ሮጥኩ።

ቤሩት ዳር፣ ዛልቃ፣ ያላገባች ዶክተርና አሮጊት እናቷ ማማ ኦዴት ቤት ገባሁ። ዶክተር ስላችሁ መርፌ የምትወጋ እንዳይመስላችሁ። ማዳሜ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በኮምፒውተር የምታሰላ ናት። ሞዴል ትለዋለች። አስራ ሁለተኛ እስክጨርስ ባዮሎጂ ነፍሴ ስለነበር እጠይቃታለሁ፤ ደስ ካላት ታስረዳኛለች፣ ካላላት «ያላ፣ ሰሃኑ!» ትላለች። ምሳቸው ታቡሌ ነው፣ ጥሬ ቅጠል እንደ ፍየል። እኔ እያላመጥኩ ቆጮ በአይብ ይታየኛል። ደረጃ ላይ ሰላም ስላቸው ደግሞ ጎረቤቶቹ ግድግዳውን ያያሉ።

ሁለት ዓመቴ የሞላው ሰልፈኛ መንገድ ዘግቶ ጎማ በሚያቃጥልበት ሰሞን ነው።

«ማዳም፣ ኸላስ፣ ኮንትራቴ አልቋል። ላኪኝ።»

«እኔም ልሄድ እኮ ነው ሀቢብቲ። ፈረንሳይ ፖስትዶክ አመልክቻለሁ። ያኒ ከዶክትሬት በኋላ ላብራቶሪ ገብቶ መመራመር። መልሱ ይምጣ፣ ማማ አንጠልያስ ሰፈር ወንድሜ ጋ ትገባለች፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«ዶክተር ሆነሽም ትሰደጃለሽ?»

«ሲል ቩ ፕሌ፣ እባክሽ፣ አትሳለቂብኝ!» አለች። ግን ሳቀች።

እሁድ፣ እኛ ሐበሾች በምንከራየው የጸሎት አዳራሽ፣ እጄን አነሳሁ። «ማዳሜ የፈረንሳዩን ምርምር እንድታገኝ ጸልዩልኝ።»

ጸሎት መሪያችን እህት አስካለ ከማዳሟ ጠፍታ የምትኖር ናት። «ስለ ማዳም ዕድገት የጸሎት ርዕስ ያመጣሽ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ዕድገቷ ለራሷ! እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም።»

«እንግዲያው ተነሡ፣ እንሸኛት» አለች። እስኪያልበን ጸለይን።

ፖስትዶኩ በክረምታቸው ተገኘ። ማዳሜ ኩሽና ድረስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ተላቀስን፣ እያንዳንዳችን ለየራሳችን። ላብራቶሪው ስላጣደፋት ቀድማ በረረች። እኔ ማማን አንጠልያስ አድርሼ ልከተል፣ ትኬቴም ተቆርጦ ሳለ፣ ኮሮና መጣና አየር ማረፊያው ተዘጋ።

ማዳሜ በቪዲዮ ደወለች። «ማማን የትም አታንቀሳቅሻት፤ አሮጊት ናት። ላብራቶሪያችን የሚያጠናው ይኸንኑ ነው።»

«ሞዴልሽ እኔ መቼ እንደምሄድ ምን ይላል?»

«እሱን አይልም። ሰው ቤቱ ቢቀመጥ በሽታው ምን እንደሚሆን ነው የሚለው።»

«የማን ቤት?» አልኳት።

ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እሷም ባዕድ አገር አንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግቶባታል። ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ማማ ኦዴት አጠገቤ ተቀምጣ በአረብኛ ታጉረመርማለች።

«ማናት ይቺ?» አለች እናቴ።

«ልጇ ፈረንሳይ የቀረችባት ናት።»

«እህል ቀምሳለች?»

«እምቢ ብላለች።»

«አጉርሻት እንጂ፣ አንቺ ልጅ! እናት ናት።»

«አንቺስ እማዬ፣ በልተሻል?»

«ሁለት ዓመት ብለሽ ነበር» አለችኝ። በስልኩ ውስጥ የበልጉ ዝናብ ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ሳልዘጋው ቆየሁ።