ሰደፉ ላይ የነበረው ቁጥር

ትናንት የልጅ ልጄ አሮጌ ወንበር በተልባ ዘይት ስትወለውል የጠመንጃ ሰደፍ የሚወለወልበት ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ያ በደል ተቀሰቀሰብኝ። ይመዝገብልኝ፦ ያንን ጠመንጃ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ አይደለም።

ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ። በስደት ኢስትሊ ሰፈር እያደርኩ፣ ጠዋት ጠዋት በማታቱ ታክሲ ፓርክላንድስ ሄጄ የአንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ሱቅ እጠርግ ነበር። ሽማግሌው አሮጌ ጠመንጃ ይመረምራሉ፤ የት አገርና መቼ እንደተሠራ፣ ምን እንደሚያወጣም ለባለቤቱ ጽፈው ይሰጣሉ። ጠመንጃውን በጠባቡ መስኮት ወደሚገባው ብርሃን አዘንብለው፣ ማቀባበያውን ቀጭ አድርገው ስበው፣ በማጉያ መነጽር ቁጥር ይፈልጋሉ። የሁሉም ክፍል ቁጥር አንድ ከሆነ ፊታቸው ይፈታል። ከተለያየ "የተለጣጠፈ ነው" ብለው ዋጋውን ይጥሉታል።

አንድ ቀን ባሏ የሞተባት የናኩሩ ከተማ ሴት ቤልጅግ የሚባለውን ጠመንጃ ከነፈቃዱ ይዛ መጣች። ሟቹ በወታደርነቱ ዘመን ከኢትዮጵያ ያመጣው ነው።

"ብረቱ ደህና ነው፤ ማቀባበያውም በርሜሉም 2618 ይላል" አሏት። "እንጨቱ ግን በኋላ የተቀየረ ነው። በዚያ ላይ በቢላ ጫጭረውታል። ልፋቀው፤ ዋጋው ግን ግማሽ ነው።"

ሴትዮዋ ከሰዓት ልትመለስ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ሽማግሌው ብርጭቆ ወረቀቱን ሲያነሱ ዐይኔ ሰደፉ ላይ አረፈ። አባቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ ከፊደል በፊት ያስቆጠረኝ ሰደፍ ላይ የሚቀረጸውን ቁጥር ነው። መጥረጊያዬን ጥዬ፣ 'አባባ' እንደማለት 'ምዜ' ብዬ በስዋሂሊ ጮኽኩ።

"ምዜ፣ ይተዉ! ጭረት አይደለም፣ የእኛ አገር ቁጥር ነው! ፳፮፻፲፰! ከብረቱ ጋር አንድ ነው፤ እንጨቱም የራሱ ነው። ከሥሩ ያለው የተቀረጸበት ዓመት ነው። የእኛ ስለሆነ ስምንት ይጨምሩበት።"

"ጊዜያችሁም ስደተኛ ነው እንዴ?" አሉኝ። ግን ደመሩ፤ ድምሩም ከብረቱ ዘመን ጋር ገጠመላቸው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ቀስ ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሴትዮዋ ስትመለስ ሙሉ ዋጋውን ጽፈው ሰጧት። እንዴት እንደደረሱበት ስትጠይቃቸው "መጽሐፍ አገላብጬ" አሏት፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ! እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው። ምርቃቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መደርደሪያውን ስጠርግ ዝም አላልኳቸውም። "ምዜ፣ ያ መጽሐፍ የትኛው ነው? አቧራ እንዳይበላው ልወልውልዎ።"

"ሥራሽን ሥሪ!"

"ሥራዬማ እሱ ነው።"

አብራኝ የምታድረው ልጅ ትቆጣኝ ነበር። "አንቺ፣ የመኖሪያ ወረቀት እንኳ የለሽም፤ ነገ ቢያባርሩሽስ?"

"ያባርሩኛ! እየወጣሁም እጠይቃቸዋለሁ።"

ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። ሱቁም አሁን የስልክ መጠገኛ ሆኗል አሉ። እኔ ግን ዝናብ ያባራበትን አንድ ጠዋት አልረሳውም። ሌላ ደንበኛ ፊት ቆሜ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ረጅም ጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት።

"መጽሐፍ አልነበረም" አሉ፣ ደንበኛው እየሰማ። "ያነበበችው እሷ ናት። ለናኩሩዋ ሴትም ይህንኑ በደብዳቤ ጽፌላታለሁ።"

ከዚያ በእግራቸው ወንበር ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጠመንጃ አቀበሉኝ።

"በይ ተቀመጪ። የዚህ ማቀባበያ የራሱ ይመስልሻል?"