ሐውልቱ ጋ

"ሐውልቱ ጋ ወራጅ አለ" አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ። ታክሲው ከጎፋ ወደ ፉሪ እየሄደ ነበር። ሐውልቱ እንኳ መንገዱ ሲሰፋ ከፈረሰ ቆይቷል። አሁን ቦታው ላይ የእግረኛ መንገድ እየተሠራ ነው፤ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በመስኮቱ ገባ።

ልጅ ሆኜ ሐውልቱ ሲሠራ አይቻለሁ። ደረጀና ማቲዎስ የሚባሉ፣ አንድ ግቢ ያደጉ የሰፈራችን ወጣቶች ክረምት ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ጎርፍ ወሰዳቸው። ደረጀ ሀና ማርያም ተቀበረ። የማቲዎስ ቤተሰቦች ጴንጤ ስለነበሩ እሱን ሌላ መቃብር ወሰዱት። ከዚያ ሰፈሩ ወንዙ ዳር ሐውልት እናቁም አለ። የእድሩ ዳኛ ግን ግንባታው ከተጀመረ በኋላም ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

"መቃብር አላቸው፤ ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አሉ።

የደረጀ እናት እማማ ብርቄ ከግንበኛው አጠገብ ተቀምጠው፣ እግሬ ላይ የተፈናጠረውን ሲሚንቶ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉልኝ ነበር። ቀና ሳይሉ መለሱ።

"አብረው ሞተው ለየብቻ ቀበርናቸው። እኔ መቃብሩ ስሄድ የማቲዎስ እናት አጠገቤ የለችም። አብረን የምናለቅስበት ቦታ ይኑረን።"

መስቀል ይደረግበት አይደረግበት የሚለው ክርክር ከግንባታው የበለጠ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ስማቸው ብቻ ተጻፈበት።

ልጅቷ ወረደች። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ረዳቱን "የማን ሐውልት ነው?" አለው።

"ኧረ ሐውልት የለም" አለ ረዳቱ በሩን እየዘጋ። "ቦታው ነው እንደዚያ የሚባለው።"

የምወርደው ፉሪ ነው። እርጥቡ ሲሚንቶ ከዓይኔ እስኪርቅ በመስኮቱ ወደ ኋላ አየሁ።