ሮሪ ቅኝት አይጠይቅም

ፍሎራ ዳን አሌክስን ፒያኖ መጫወት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አባቷ ዳን ብብቷን ይዞ አነሳት፣ የፒያኖው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣትና «ወንድምሽ አጃቢ ያስፈልገዋል» አላት። በቃ። ይኸው ሃምሳ ሰባት ዓመት። እሷ የምትፈልገው ቫዮሊኑን ነበር። ቫዮሊኑ ግን አምስት ዓመት ለሚበልጣት ለሮሪ ተሰጥቶ አልቋል፤ ሮሪ ደግሞ አንዴ የያዘውን ነገር የሚለቅ ፍጥረት አይደለም።

በኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ያውም እንደ ግሌን ኦራ ባለ መንደር፣ ሰው የሚጠራው ከነአባቱ ከነአያቱ ነው። ባይሆንማ ካሉት ዘጠኝ ሮሪዎች የትኛው እንደተፈለገ ማን ይለያል? ወንድሟ ሮሪ ዳን አሌክስ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጭፈራ ሲኖር አዳራሹ በር ላይ «ሮሪ ዳን አሌክስ» ተብሎ በትልቁ ይለጠፋል። የእሷ ስም የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ የማይጻፍበትም አለ። አንድ ክረምት «ሮሪ ዳን አሌክስ እና ፒያኖ» ብለው ለጠፉት። እና ፒያኖ! ፒያኖው በገዛ እግሩ መጥቶ ራሱን የሚመታ ይመስል። ፍሎራ ወረቀቱን ገንጥላ ወሰደችና ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈችው፤ ንዴቷ እንዳይበርድ መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ አላነሳችውም።

ሙዚቃ መተዳደሪያቸው ሆኖ አያውቅም። እሱ ሠላሳ አራት ዓመት የመንገድ በረዶ መጥረጊያ ነዳ፤ እሷ ዓሣ ፋብሪካ ቆማ ዓሣ ስትበልት ወገቧ ጎበጠ። ሙዚቃው አመላቸው ነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እሁድ ደግሞ አዳራሽ። አመል ስለሆነም ነው መላቀቅ ያልቻሉት።

ሮሪን ማጀብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱን ዜማ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር አይነግራትም። ክርኑን አይታ፣ የእግሩን ርግጫ ሰምታ ራሷ ትደርስበታለች። ካልደረሰች «ተኝተሽ ነበር?» ይላታል፣ ሕዝብ ፊት። ከሁሉ ከሁሉ የሚያሳርራት ግን የቅኝቱ ነገር ነው። ሌላው ቫዮሊን ተጫዋች ሁሉ ገና ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወደ አጃቢው ዞሮ «እስቲ ላን ስጪኝ» ይላል። እሷም ላ የምትባለዋን የፒያኖ ቁልፍ ትነካለታለች፤ በዚያች ድምፅ ክሩን ይቃኛል። ወጉ ይኸው ነው። ሮሪ ግን አይጠይቅም። ኩሽናው ውስጥ ብቻውን ቃኝቶ ነው የሚመጣው።

«ላ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ናት» ይላል። «ለምን ብዬ ነው የምጠይቅሽ?»

የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ቅንጣት አልተሳሳተም። ቢሳሳትላት ኖሮ እኮ ቀለል ይላት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ጆሮው መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሆነ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ሲጠይቁት ስለ ድንቹ ይመልስ ጀመር። ፍሎራ ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻ አልቅሳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ማዳመጫ ያስፈልግሃል ቢለው «የጆሮ ኩክ ነው» ብሎ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ የቫዮሊኑ ቅኝት ወደ ላይ መንሸራተት ያዘ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው ላ ከፍ ከፍ አለች፤ እሱም ተከትሏት ወጣ። በመጀመሪያ ልዩነቷ ለፍሎራ ብቻ የምትታወቅ ነበረች። በዓመቱ ግን ፒያኖውና ቫዮሊኑ በአንድ ጣራ ሥር የተኳረፉ ባልና ሚስት ሆኑ፤ የሚጨፍረው ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድድ ጀመር።

ሮሪስ ምን አለ? «ፒያኖው ወርዷል» አለ።

ከደሴቲቱ ከተማ ከሲድኒ የፒያኖ ቃኚ ተጠርቶ መጣ። ፒያኖውን ከፍቶ አየና ምንም እንዳልሆነ ተናገረ። ሮሪ አላመነም፤ በወሩ እንደገና አስጠራው። ሰውዬው እንደገና ምንም አልሆነም አለ።

«ያ ሰውዬ» አለ ሮሪ ሲወጡ፣ «ደንቆሮ ነው»።

ፍሎራ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። መጮህ ነበር ያማራት።

ለምን አትነግረውም ይባል ይሆናል። ቀላል መስሏችሁ ነው። አባታቸውን ዳንን አንድ ሰው «እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አለው፤ ያኔውኑ ቫዮሊኑን አልጋ ሥር አስገባ፣ ዳግመኛም አላወጣው፣ በዓመቱ ሞተ። ሮሪ ደግሞ የአባቱ ቁርጥ ነው። ሚስቱ ኬቲ የሞተች ጊዜ ሦስት ወር ኩሽናው ውስጥ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። ያስነሳው ሐኪምም ቄስም አይደለም፤ የእሁዱ ጭፈራ ነው። ፍሎራ ያንን ካፖርት አይታዋለች። ተመልሶ ከሚለብሰው ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች።

በዚህ መሐል ቤርናዴት መጣች። ቤርናዴት የአዳራሹ ኮሚቴ ጸሐፊ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ፒያኖም ትችላለች። ልቧ ንጹሕ ነው፤ ግን የተጣመመ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ሰው ቤት ገብታ ከመቀመጧ በፊት የግድግዳውን ሥዕል ታቃናለች።

«ፍሎራዬ» አለቻት፣ «እንዳትቀየሚኝ። ሰው ወደ ሌላ መንደር ጭፈራ እየሄደብን ነው። እስከ ነሐሴው በዓል ካልተስተካከለ ኮሚቴው ሌላ ተጫዋች ሊጠራ ነው። ሮሪን እኛ ከምንነግራቸው አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል።»

«እኔ አስተካክለዋለሁ» አለች ፍሎራ። እንዴት እንደምታስተካክለው ግን አልነገረቻትም፤ ኩራት ይዟት።

አሁን ፍሎራ ኪቦርድ እንደምትጠላ መታወቅ አለበት። ዕድሜዋን ሙሉ «ያ ፕላስቲክ» ነው የምትለው። በእሱ አጅቢ ስለተባለች አንድ ሰርግ ጥላ ሄዳለች፤ የእህት ልጅ ሰርግ ነው ታዲያ። ይቺው ፍሎራ ሰኔ ላይ ሲድኒ ድረስ ነድታ ያንን ፕላስቲክ ገዝታ መጣች። ምክንያቱም ከጎኑ አንዲት ማዞሪያ አለችው፤ ቅኝቱን በሙሉ ሽቅብ ቁልቁል የምታደርግ። እሁድ እሁድ ሮሪ ክሮቹን ሲሞክር እሷ በአንድ ጣቷ ማዞሪያዋን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ትወስዳለች፣ እስክትደርስበት። እሱ አልወርድም ካለ እሷ ትውጣ እንጂ፣ ሌላ ምን ታድርግ።

ሮሪ ኪቦርዱን ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ። «ይሄን አሻንጉሊት ከየት አመጣሽው?»

«ወገቤን አሞኛል። የፒያኖው ቁልፍ ከበደኝ።»

«እናታችን ብታይሽ ምን ትል ነበር?»

ሁለት ሳምንት አኮረፋት። እያኮረፈም እሷ ቤት እየመጣ ሾርባዋን ይጠጣል። ጭፈራው ግን ተስተካከለ፤ ሰው ተመለሰ፤ ቫዮሊኑና አጃቢው ታረቁ። በሦስተኛው እሁድ ሮሪ ጎኗን በቫዮሊኑ ደጋን ጫፍ ነካ አደረጋት።

«አየሽ» አላት። «ፒያኖው ነበር። አላልኩም?»

ፍሎራ ማዞሪያዋን በእጇ ጋረደቻት።

እሱ በዚህ አላበቃም። ፖስታ ቤት አወራው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አወራው። ፒያኖው መውረዱን ከሁሉ ቀድሞ የሰማ እሱ እንደሆነ፣ የከተማው ቃኚ እንኳ እንዳልደረሰበት፣ ጆሮ ማለት እንዲህ ነው እያለ መንደሩን አዳረሰ። ፍሎራስ? ከጎኑ ቆማ ጥርሷን ነክሳ «አዎ፣ ፒያኖው ነበር» ስትል ለመስማት ያብቃችሁ።

የነሐሴው በዓል እሁድ አዳራሹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጢም አለ። ጨፋሪዎቹ ስምንት ስምንት ሆነው ተሰለፉ፤ ሮሪ እግሩን መታ፣ ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍሎራ ከአግዳሚው አልተነሳችም፤ ለሮሪ የፈጠረችው የወገብ ሕመም እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ቤርናዴት በግራ በኩል ተንሸራትታ አጠገቧ የተቀመጠችው።

እዚህ አገር አጃቢ የሚያርፈው እንዲህ ነው። ዜማው አይቆምም። ሌላዋ አግዳሚው ላይ ትገባለች፣ በግራ እጇ ትቀበላለች፣ ቀጥሎ በቀኟ፣ የመጀመሪያዋ በሌላው ጫፍ ትወርዳለች፤ ጨፋሪው አያውቅም። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ አትችይም እንደማለት ይቆጠራል። ፍሎራ «ምንም እንዳትነኪ» ልትላት አፏን ከፈተች። ጫጫታው ዋጠው። ቤርናዴት ፈገግ ብላ «ሂጂ፣ ሻይሽን ጠጪ» አለቻትና ገፋ አደረገቻት።

ፍሎራ በአንድ እጇ ሻይ፣ በሌላው የአጃ ቂጣ እንደያዘች ነው ያየችው። የቤርናዴት ዓይን ኪቦርዱ ላይ ቅኝቱን ወደምታሳየው ቀይ ቁጥር ሄደ። ዜሮ መሆን ነበረባት፤ አይደለችም። ቤርናዴት ደግሞ የተጣመመ ነገር አይታ አታልፍም። ቀኝ እጇን አንሥታ ማዞሪያዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ዜሮ መለሰቻት።

አዳራሹ ከሥር የተናደ መሰለ። ቫዮሊኑ እላይ ቀረ፣ ኪቦርዱ ታች ወረደ። መሐል ላይ ሲዞሩ የነበሩት ተጋጩ፤ አንዲት ሴት የሰው እግር ረገጠች። ሮሪ ደጋኑን አነሳ። በሕይወቱ ዜማ መሐል ላይ አቁሞ አያውቅም።

«ምን ነካሽ?» አላት ቤርናዴትን።

«ምንም አልነካሁም። ቅኝቱ አልፎ ነበር፣ ወደ ቦታው መለስኩልዎት እንጂ» አለች፣ የሠራችው ገና ሳይገባት።

ሮሪ ማዞሪያዋን አየ። ጎንበስ ብሎ በራሱ ጣት ቀስ እያለ ወደ ላይ አዞራት፤ በአውራ ጣቱ ክሩን፣ በሌላው እጁ ቁልፉን እየነካ፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ። ከዚያ ቁጥሯን አነበበ። ሮሪ ግትር ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ቀና ብሎ በሕዝቡ መሐል ፍሎራን ፈለጋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኪቦርዱ ከሰኔ።»

«እኔስ?»

ፍሎራ ሻይዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ምሕረት ማድረግ አላማራትም፤ ደክሟታል። «አንተ ከአምና ጀምረህ» አለች። «ከአምና ጀምረህ ሮሪ፣ ሽቅብ ስትሄድ እኔ ከኋላ ከኋላህ ስሮጥ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ላን ስጪኝ ብትለኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቁልፏ እኔ እጅ ነበረች እኮ። ሃምሳ ሰባት ዓመት እጄ ላይ ነበረች።»

ሮሪ ተነሳ። ቫዮሊኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ሳጥኑ ወደተቀመጠበት ጥግ መሄድ ጀመረ፤ ፍሎራ ዓይኗ ላይ የመጣው ያ ካፖርት ነበር። ምነው ዝም ባልኩ፣ ምነው አፌን በያዘኝ አለች።

ሳጥኑ ጋ ሲደርስ አልቆመም። አልፎት ወደ አሮጌው የአዳራሹ ፒያኖ ሄደ፤ ላዩ ላይ የተደረደሩትን የኬክ ሳህኖች አንድ በአንድ አነሳ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ወንበሩን ጎትቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ነይ» አላት።

መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ላን ስጪኝ።»

ነካችለት። እሱ ክሩን ነካ፣ ቁልፉን ያዘ።

«አሁንስ?»

«ዝቅ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ዝቅ በል።»

ጎምዛዛ ነገር የዋጠ ሰው መሰለ። «ይቺ ናት? እርግጠኛ ነሽ?»

«ናት።»

«ቀፋፊ ናት።»

«ላንተ ነው። ሌላውን ክር።»

አራቱንም ክሮች እንዲህ አስቃኘችው፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ። ከዚያ እግሩን መታና ተጫወተ። ለሁሉም ሰው ልክ ነበረ፤ ለእሱ ጆሮ ብቻ እያንዳንዷ ድምፅ ስታ፣ አንዲቷም ቦታዋ ላይ አልነበረችም። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያ ተጫወተ፣ ዓይኑን ከእጆቿ ላይ ሳይነቅል። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ክርኑን ስታይ የኖረችው እሷ ነበረች።

ሲያበቁ ሳጥኑን ዘጋ፤ ኮፍያውን ደፋ፤ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ምቱን ጎትተሻል» አላት።

አልጎተተችም። ፍሎራ ደሟ ፈላ፤ እስከ መኪናው ድረስ ስትጨቃጨቀው ሄደች።