ሱቄን ሸጬ የገዛሁት አክሲዮን

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አየር ጤና የነበረንን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለብቻዬ ይዤ ቆይቼ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሸጥኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘመድ ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። አንዱ ሚኒባስ ግዢ ይላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አስኮ በኩል ቤት አይቶልኝ፣ ከደላላው ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ግን የለም።

ሰርቪስ ቤቴን የተከራየች የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ከጓደኞቿ ጋር ኩባንያ አቋቁመው ባለአክሲዮን ሲፈልጉ ሰማሁና ሥራችሁን አሳዪኝ አልኳት።

«እትዬ፣ ውሃ ሲመጣ ሮቶውን ለምን ይሞላሉ?» አለችኝ።

«ሲጠፋ እንዳልቸገር ነዋ።»

«እኛም እንደዚያው ነን። ሰው ኢንተርኔት ላይ ደጋግሞ የሚከፍተውን ትምህርትና ቪዲዮ አንዴ ከውጭ አምጥተን እዚሁ እናስቀምጣለን። የሚቀጥለው ሰው ሲፈልገው ባሕር ማዶ ድረስ አይሄድም፣ ቶሎ ይደርሰዋል። ኮሌጆች ለዚህ ይከፍሉናል።»

ሌላው ሥራቸው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሠራ የኢንተርኔት መፈለጊያ ነበር። ስለ ጉልበቴ ጻፍኩ፤ «ህመም» አልኩ፣ ቀጥሎ «ሕመም» አልኩ፣ ሁለቱም ጊዜ ያንኑ መልስ አመጣልኝ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሸፈተው። ሱቃችን የሚመጣ ሰው ያንኑ ዕቃ አንዱ ፍሪሲዮን ይላል፣ አንዱ ክላች ይላል። በቃሉ ምክንያት «የለም» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ገበያውን በገዛ እጁ ያባርራል።

ወንድሜ ሲሰማ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ይሄ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ በሰማይ አይደለችም፤ ሰርቪስ ቤቴ ውስጥ ናት።»

አልሳቀም፤ ጥያቄ ያዘንብብኝ ጀመር። የውጭ አገር ግዙፍ ኩባንያዎች አንድ ቀን አማርኛውን አሳምረው ቢመጡስ? መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? ጥያቄው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ያልተዋጠልኝ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ማለቱ ነው። በሳምንቱ ሄጄ ሱቁ ከተሸጠበት ገንዘብ በአብዛኛው አክሲዮን ገዛሁበት።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለሀብት ኩባንያውን ልግዛ ብሎ መጣ። ትምህርትና ቪዲዮ ማስቀመጡን ይዞ መፈለጊያውን ሊዘጋው ነው፤ ገቢ አያስገባምና። በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ብዙው ሰው «እንሽጥና እንገላገል» የሚል ፊት ነበረው። ተከራዬ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እጄን አወጣሁ።

«መጋዘን ማንም ይከፍታል» አልኩ። «ዕቃውን ያስቀመጠ ደንበኛ ነገ ርካሽ ሲያገኝ ይሄዳል። ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ በምን ቃል እንደሚጠራው የሚያውቀው ክፍል ከተዘጋ ምን ይዘን ልንቀር ነው?»

«እናቴ፣ ይሄ ስሜት ነው፤ ንግድ አይደለም» አለኝ ሰውዬው በትሕትና።

«ልጄ፣ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው ያረጀሁት። እኔ አልሸጥም።»

 ድምፅ ሲሰጥ በጥቂት ብልጫ አሸነፍን።

ድል ነው አልልም። ሰውዬው የራሱን ማስቀመጫ ኩባንያ ከፈተ፤ አንድ ኮሌጅ ጥሎን ወደ እሱ ሄደ። በዚያ ዓመት ትርፍ አልተከፋፈልንም፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ግን በቡራዩ መንገድ ያሉ ትምህርት ቤቶች መፈለጊያውን በኦሮምኛ እየተጠቀሙ ነው፤ መክፈልም ጀምረዋል። አስኮ ያለው ቤት ዋጋው እጥፍ መሆኑን ወንድሜ በየበዓሉ ይነግረኛል። እሰማዋለሁ፣ አልከራከረውም።

ዘንድሮ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን አወጣ። ወንድሜ ወሬው ደርሶት በጠዋት ደወለ።

«አሁንም ልትገቢበት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብትከስሪስ?»

«የራሴ ኪሳራ ነዋ፤ ሌላ ሰው የመረጠልኝ አይደለም» አልኩትና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።